ከጽሕፈት ቤት ወደ ቢሮ የተደረገው ታላቅ ሽግግር

የሚዛንና የመለኪያ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ለሃያ ሁለት ዓመታት ጽሕፈት ቤት ሆኖ ሲኖር አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። ነጋዴው ሚዛኑን በብብቱ ሸጉጦ ደረጃውን ይወጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ካሉት አራት ወንበሮች እግራቸው ደህና በሆነው ሦስቱ ላይ ተራ ይጠብቃል፤ ሚዛኑ ይፈተሻል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ባለቤቱም ወደ ሱቁ ይመለሳል። እንዲህ ያለ የማያሳፍር፣ ደግሞም ምንም የማያኮራ ኑሮ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው የተነሣው ከመንገዱ ማዶ ያለው የውሃ ቆጣሪ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰኞ ጠዋት አዲስ ታፔላ ሰቅሎ በተገኘ ጊዜ ነው። ታፔላው «የውሃ ቆጣሪ ቢሮ» ይላል።

የሚዛኑ ኃላፊ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

ነገሩ ላልደረሰበት ሰው ቀላል ይመስላል። ጽሕፈት ቤትም ቢሮም ጠረጴዛ አላቸው፤ በሁለቱም ሰው ይቀመጣል፤ በሁለቱም ፋይል ይጠፋል። ነገር ግን የቢሮ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ሲያስነጥስ «ይማርዎ» ይባላል፤ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሲያስነጥስ ግን ሰው ወንበሩን ራቅ ያደርጋል። ኃላፊው ይህን ሲያውጠነጥኑ ሰነበቱና ለበላይ አካል ጻፉ። የበላይ አካሉም በሚያስገርም ፍጥነት፣ በአርባ ቀን ውስጥ መለሰ፦

«ቢሮ የመባል ጥያቄያችሁ ደርሶናል። ይሁን እንጂ ቢሮ የሚለው ቃል ምንነትና አመጣጥ በጥናት ተደግፎ እንዲቀርብ፣ መሥሪያ ቤቱም የቃሉን ትርጉም በተግባር አሟልቶ እንዲገኝ እያሳሰብን፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን ተቆጣጣሪዎች የምንልክ መሆኑን እንገልጻለን።»

መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ እንዳለው ትዝ ያለው በዚህ ጊዜ ነው።

አስተርጓሚው የተቀጠረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የጭነት መኪና የሚመዝን ትልቅ ሚዛን ከፈረንሳይ ይመጣል በተባለ ጊዜ፣ የአጠቃቀም መመሪያውን እንዲተረጉም ነበር። ስልሳ አራቱን ገጽ በሁለት ወር ተረጎመው። መመሪያው መጣ፣ ሚዛኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተሰባበሩ ሚዛኖች የሚከማቹበት ክፍል ጥግ ተቀምጦ መዝገበ ቃላት ሲያነብ ይውላል። ሚስቱ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቃ በምትገኝ ከተማ አስተማሪ ናት። ሴት ልጃቸው ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ «አባትሽ የት ነው?» ያሏትን መምህርት «ስልክ ውስጥ» ብላቸዋለች። ሚስቱ ይህን ስትነግረው ሳቀ፤ ስልኩን ዘግቶ ግን ብዙ አልሳቀም። ዝውውር መጠየቅ ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነው። አሁን እዚያ ያለው ቅርንጫፍ አንድ ቦታ ከፍቶለት፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣህ ለሌላ እንሰጠዋለን» ብሎታል። የጎደሉት ሁለት ፊርማዎች ናቸው፦ የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮና የኃላፊው።

«አንተ ነህ አስተርጓሚው?» አሉ ኃላፊው፣ አስጠርተውት ሲገባ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እዚህ ነው የምትሠራው?»

«ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።»

«አትታይም እኮ! ጨዋ ነህ ማለት ነው። በል ንገረኝ፣ ቢሮ ማለት ምንድን ነው?»

አስተርጓሚው ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄ ነዋ» አለ።

«ይሄ ጽሕፈት ቤት ነው!» ኃላፊው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። «እኔ የምልህ ዘሩን ነው፤ ዘሩን! ከየት መጣ? የማን ልጅ ነው? ፈረንጆቹስ፣ እያንዳንዳቸው ምን ይሉታል? በአራት ቀን አምጣልኝ። ዝውውርህን እዚችው ቁጭ ብዬ እፈርምልሃለሁ።»

አስተርጓሚው አራቱን ቀን ዓይኑ እስኪቀላ ሠራ። ሐሰት ጽፎ መገላገል ይችል ነበር፤ «ቢሮ ማለት በጥንት ቋንቋ የልዑል ዙፋን ማለት ነው» ብሎ ቢያቀርብ ኃላፊው ስመውት ይፈርሙ ነበር። ግን ሐቀኛ ሰው ነው። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ጀመረ።

ጥናቱ በስብሰባ አዳራሹ ቀረበ። የተገኙት ኃላፊው፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ፣ የግዢ ሠራተኛውና ባለማኅተሙ ነበሩ። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው። በድሮ ፈረንሳይኛ «ቡሬል» የሚባል ሻካራ፣ ቡናማ የሱፍ ጨርቅ ነበር። ጽሕፈት የሚሠሩ ሰዎች ጠረጴዛቸውን ያለብሱበት ስለነበር፣ ቀስ በቀስ ጠረጴዛው ራሱ በጨርቁ ስም ተጠራ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ያለበት ክፍል። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጭምር። እንግሊዞች ይህንኑ ቃል ወስደው ባለመሳቢያ የጽሕፈት ጠረጴዛ ይሉበታል፤ አሜሪካኖች የልብስ መሳቢያን ይጠሩበታል፤ ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ስፓኒሽ ተናጋሪው ከአልጋው ራስጌ ያለውን ኮመዲኖ ይልበታል። ጣልያኖች ጠረጴዛውን በዚሁ ቃል ቢያውቁትም፣ መሥሪያ ቤትን ግን በሌላ ቃል ይጠሩታል፤ እሱም «ግዴታ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። የስፔኖቹም እንደዚሁ ሌላ ነው፤ ጥንት «ሥራ የሚሠራበት ቤት» ማለት ነበር።

«እንግዲህ» አለ አስተርጓሚው እየሳቀ፣ «ያን ሁሉ ስም የምንሰጠው ቢሮ፣ መነሻው አንድ ቁራጭ ሻካራ ጨርቅ ነው።»

ሰው ይስቃል ብሎ ጥቂት ቆመ። የሳቀ የለም። ኃላፊው መዳፋቸውን የስብሰባ ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ የተላጠውን ቀለም እንደ በሽተኛ ግንባር ዳሰሱት።

«ስለዚህ» አሉ በቀስታ፣ «ለሃያ ሁለት ዓመት ራቁቱን በሆነ ጠረጴዛ ላይ ስንፈርም ኖረናል።»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ለጨዋታ ያህል...»

«ጨዋታ አይደለም! ማዶ ያሉት ጨርቅ አላቸው?»

«የላቸውም» አለ የግዢ ሠራተኛው። «ላስቲክ ነው ያላቸው። አበባ ያለበት።»

የኃላፊው ፊት በራ። «እንኳን ቢሮ፣ ጽሕፈት ቤትም አይደሉም በለኛ!»

በዚያው ስብሰባ አምስት ውሳኔዎች ተላለፉ። የመጀመሪያው፣ ጠረጴዛው ጨርቅ ያልለበሰ ሠራተኛ ቢሮ እንደሌለው ይቆጠራል። ሁለተኛው፣ ቢሮ የሌለው ሠራተኛ ያኖረው ፊርማ ዋጋ አይኖረውም። ሦስተኛው፣ ጨርቅ በስሙ አስመዝግቦ የተረከበ ሠራተኛ ቢሮ ገብቷል ይባላል። አራተኛው የሜክሲኮውን ትርጉም ስለማሟላት የተላለፈ ነበር።

«ኮመዲኖ ይገዛ» አሉ ኃላፊው።

«ኮመዲኖ ከምን ራስጌ ይቀመጣል?» አሉ እትዬ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። አልጋ ይገዛ። ኃላፊነቱ ከባድ ስለሆነ እኔው ክፍል ይግባ።»

ባለማኅተሙ እጁን አወጣ። «የጣልያኖቹስ? ያ ግዴታ የሚለው? የስፔኖቹስ፣ ሥራ የሚሠራበት ያሉት?»

ኃላፊው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ሥራ የሚል ነገር እዚህ ጥናት ውስጥ ማን አስገባው?» አሉ ኃላፊው። ቃለ ጉባኤውም አምስተኛውን ውሳኔ እንዲህ ሲል መዘገበ፦ «ግዴታና ሥራ የሚሉት ትርጉሞች ከተቋሙ ነባራዊ ሁኔታ ጋር ስለማይጣጣሙ በይደር ተይዘዋል።»

ግዢው ወዲያው ተጀመረ። የግዢ ሠራተኛው ሻካራ፣ ቡናማ፣ ሱፍ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ቢዞር ሁሉም ለስላሳ ብቻ ያሳዩታል፤ «ከዚህ የባሰ የለም?» ሲላቸውም እንደ እብድ ያዩታል። በመጨረሻ የፈረስ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ደረሰ።

«ይሄ ለፈረስ ጀርባ የሚሆን ነው» አለው ሰውየው።

«ይሻክራል?»

«ፈረሶቹ ሲያዩት ይሸሻሉ።»

«ያለህን በሙሉ ጠቅልልልኝ።»

ያለው ሰባት ነበር። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ አሥራ አንድ ሠራተኛ አለው። ክፍፍሉ በፍትሐዊነት ተከናወነ፦ ኃላፊው ሦስት ወሰዱ፤ አንዱን ለጠረጴዛቸው፣ አንዱን ለስብሰባ ጠረጴዛቸው፣ አንዱን ለስልክ ማስቀመጫው። የቀሩት አራቱ ለጸሐፊያቸው፣ ለግዢ ሠራተኛው፣ ለባለማኅተሙና ለጥናቱ ክብር ሲባል ለአስተርጓሚው ደረሱ። እትዬ ጨርቁን ቀድመው ዳሰስ አድርገው «ይሄ ነገር ያሳክካል» ስላሉ በተቃዋሚነት ተመዝግበው ሳይደርሳቸው ቀረ። ሌሎቹ አምስት ሠራተኞች ቢሮ ስለሌላቸው ቢሮ መግባት አይጠበቅባቸውምና በማግስቱ ከቤታቸው አልወጡም። የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ መቅረታቸውን የሚጽፍ ሰውም አልተገኘም፤ እሱም ከአምስቱ አንዱ ነበር።

በሁለት ቀን ውስጥ ቢሮ ያለው ሠራተኛ ሁሉ ክንዱን ያክ ጀመር። ማኅተም ፍለጋ የመጡት ነጋዴዎች አዲስ ሥርዓት መስሏቸው እነሱም እያከኩ ይገቡ ነበር።

አስተርጓሚው የዝውውር ወረቀቱን ይዞ እትዬ ዘንድ ሄደ። ቀኑ ሃያ አራት ነው።

«እትዬ፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«በዚህ ራቁት ጠረጴዛ ላይ? ልታሳስረኝ ነው አንተ ልጅ?»

«የኔን ጨርቅ ላምጣልዎት።» ሮጦ አመጣና ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋው። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እስክሪብቷቸውን አነሡ፣ ከዚያም ቆም አሉ።

«ጨርቁ በማን ስም ነው የተመዘገበው?»

«በኔ።»

«እንግዲያው ይሄ አሁን ያንተ ቢሮ ነው። እኔ በሰው ቢሮ ገብቼ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«እትዬ፣ ወንበርዎ ላይ እኮ ነው የተቀመጡት!»

«እሱማ እንግዳ አድርገኸኛል። ሻይ እንኳ ሳትጋብዘኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ብፈርምልህ ደስ ይለኛል። ግን ያንን ሰውዬ ታውቀዋለህ። ፊርማዬ ዋጋ የለውም ብሎ ከመንገድ ያስመልስሃል። እሱን አስፈርመው፤ የሱ ካለ የኔ አያስፈልግም።»

አስተርጓሚው ወደ ኃላፊው በር ሄደ። ጸሐፊዋ ክንዷን እያከከች ተቀበለችው።

«አሉ?»

«አሉ። ግን የሜክሲኮው ትርጉም ላይ ናቸው።»

«መቼ ይጨርሳሉ?»

ጸሐፊዋ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ የማንኮራፋቱን ድምፅ አዳመጠች። «ጥልቅ ነው የገቡበት» አለች።

ሃያ አምስትም ሃያ ስድስትም እንዲሁ ሆነ። ሚስቱ ደወለች።

«ምን ላይ ደረሰ?»

«ጨርቅ ላይ።»

«የምን ጨርቅ?»

«የፈረስ ነው። በስልክ አይነገርም።»

«ስማ፣ ልጅቱ አንተ የምትተኛበትን በኩል ለቃ ዳር ዳሩን ነው የምትተኛው። እንዳትቀልድባት።»

በሃያ ሰባተኛው ቀን ኃላፊው ነቅተው ተገኙ፤ ጉንጫቸው ላይ የትራስ መስመር ነበረ። ወረቀቱን አይተው ከልባቸው ደነገጡ።

«ዝውውር? አንተን? ጥናቱን የወለድክ አንተ! ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ ማን ያስረዳልኝ?»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ።»

«ቃል የገባሁት ራቁት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ ዋጋ የለውም።» ጸሐፊዋን ጠርተው ወዲያውኑ ደብዳቤ አስጻፉ፦ «አስተርጓሚው ለተቋሙ ካለው የላቀ ጠቀሜታ አንጻር፣ ከዛሬ ጀምሮ ከቢሮው ለአንድ አፍታም እንዳይለይ በጥብቅ ታዟል።» ፈረሙ፣ ማኅተም አሳረፉበት፣ ለበላይ አካልም ግልባጭ ሄደ።

አስተርጓሚው ሚዛኖቹ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። ደብዳቤውን አንዴ አነበበው። ዘጠኝ ዓመት ከመዝገበ ቃላት ጋር የኖረ ሰው ነውና ሁለተኛ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል ለብቻ አነበበው። ቀና ሲል ዓይኑ ክንዱ ሥር ያለው ጨርቅ ላይ አረፈ። እትዬ ያሉትም ትዝ አለው፤ ጨርቁ የተዘረጋው እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ቢሮው ግን የሱ ነበር።

ተነሣ። ቢሮውን አራት ቦታ አጠፈው፤ በብብቱ ሸጎጠው፤ በመመሪያው መሠረት ለአንድ አፍታም ሳይለየው ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደ።

አውቶቡሱ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። አጠገቡ ያለው መንገደኛ «በረደህ እንዴ?» ቢለው፣ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ መለሰለት። በማግስቱ ማታ ሚስቱ ቤት ሲደርስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው። ሚስቱ በእጇ ነካ አድርጋ እጇን ሰበሰበች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢሮዬ ነው።»

«ያሳክካል።»

«የሁሉም ቢሮ ያሳክካል። ይሄኛው ግን አንቺ ያለሽበት ነው።»

ልጅቱ አባቷ ከስልክ ውስጥ እንዴት እንደወጣ አንዴ ዞራው አረጋገጠችና ሄዳ ጭኑ ላይ ተቀመጠች።

ወሬው መሥሪያ ቤቱ ሲደርስ ቁጣ ሊነሣ ነበር። ግን ምን ተብሎ? ሰውየው ከቢሮው አልተለየም። በማግስቱ ባለማኅተሙ ጨርቁን ይዞ ገበያው መሐል አነጠፈ፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ማኅተም አምስት ደቂቃ ሆነ፤ ነጋዴውም መረቀው። የግዢ ሠራተኛው ቢሮውን እናቱ ቤት ወሰደ። ጸሐፊዋ ቢሮዋን ይዛ ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች። እትዬም ኃላፊው በተኙበት ገብተው ከስልክ ማስቀመጫው ላይ ያለውን ጨርቅ አነሡና፣ መዝገቡ በእጃቸው ነውና በስማቸው አዛውረው፣ «ስልኩ እንደሆነ ፊርማ የለው» ብለው ወጡ። ደጅ ሳይደርሱ በረንዳው ላይ አንጥፈው የአስተርጓሚውን ዝውውር ፈረሙለት። ባያስፈልገውም ደስ እንዲለው ነው።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ሁለት ተቆጣጣሪዎች ደረጃውን ወጡ። ኮሪደሩ ባዶ ነው። በር እያንኳኩ ሄደው የመጨረሻውን ሲከፍቱ ኃላፊው አልጋቸው ላይ ናቸው። ቀኑ ብርዳማ ስለነበር የጠረጴዛቸውን ጨርቅ ለብሰዋል፤ የሚሰበሰብ ሰው ስለጠፋም የስብሰባውን ጨርቅ አጥፈው ተንተርሰውታል።

«ቢሮው የታለ?» አለ ትልቁ ተቆጣጣሪ።

ኃላፊው ተፈናጥረው ተነሡ። «ይሄው! ይሄ ነዋ ቢሮው!»

«የላካችሁት ጥናት እዚህ አለ። ቢሮ ማለት ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ነው ይላል። ጠረጴዛዎ ራቁቱን ነው። የለበሱት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ... የሜክሲኮው ትርጉም...»

ትንሹ ተቆጣጣሪ ግን ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ስለነበር ጫማውን መፍታት ጀምሮ ነበር። «ሌላ የተነጠፈ ክፍል አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሪፖርቱ አጭር ነበር፦ «በሕንፃው ውስጥ ቢሮ አልተገኘም። አንድ አልጋ፣ አንድ ኮመዲኖና አንድ ተኝቶ የተገኘ ሰው አለ። ሕንፃው በማረፊያ ቤትነት እንዲመዘገብ፣ ተኝተው የተገኙትም በኃላፊነታቸው እንዲቀጥሉ። ጨርቅ ይዘው በልዩ ልዩ ስፍራ የተገኙት አምስት ሠራተኞች ግን ትርጉሙን በተግባር ስላሟሉ፣ እያንዳንዳቸው ከዛሬ ጀምሮ ቢሮ ተብለዋል።»

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አስተርጓሚው ቤት አንድ ደብዳቤ ደረሰ። የፈረሙት የቀድሞው የሚዛን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ። በታላቅ ትሕትና ከማረፊያ ቤት ወደ እሱ ቢሮ መዛወር ይፈልጋሉ፤ በየትኛውም ጥግ ቢሆን፣ ከጨርቁም ስንዝር ብትደርሳቸው ይበቃቸዋል።

ልጅቱ ጠረጴዛው ማዶ የመደመር የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ በአንድ እጇ ክንዷን ታካለች።

«አባዬ፣ ማነው የጻፈው?»

«አንድ ሰውዬ ነው። እኛ ቢሮ መሥራት ይፈልጋል።»

«ሥራ ይችላል?»

አስተርጓሚው ዘጠኙን ዓመት አንድ በአንድ አስታወሰ። ከዚያም እስክሪብቶውን አንሥቶ የመልሱን የመጀመሪያ መስመር እየጻፈ፣ «እሱ እንኳ ጥናት ይፈልጋል» አላት።